ሰው የለኝም
(ዘመፃጕዕ - ዮሐ. 5፥1-9)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ዛሬ የዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት ነው። ይህ ሰንበት በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት «መፃጕዕ» ይባላል። መፃጕዕ ማለት ሕመም የጸናበት፣ በሽተኛ ማለት ነው። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በኢየሩሳሌም በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት በሕመም የኖረውን ሰው መፈወሱ የሚታሰብበት ዕለት ነው።

እኔ ግን ይህን ታሪክ የሰማሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከገዛ ታናሽ እኅቴ አፍም ሰምቼዋለሁ።

1. ከአዳር የተመለሰችው ነርስ

እኅቴ ነርስ ናት። ከተመረቀች በኋላ የብቃት ምዘና ፈተናውን አልፋ፣ የሙያ ፈቃዷን ይዛ፣ ስምንት ወር ሙሉ ማስታወቂያ ስታነብ ከረመች። «0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር የትምህርት ማስረጃዋን ኮፒ አድርጋ ትሮጣለች፤ ስትደርስ ለሦስት ቦታ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ታገኘዋለች። በመጨረሻ በአንድ ሆስፒታል በኮንትራት ተቀጠረች። የዚያን ቀን እማዬ እልል አለች፤ ለእመቤታችንም ስለቷን አስገባች።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። «በጀት የለም፣ የኮንትራት ሠራተኛ ውል አይታደስም» የሚል ወሬ ተነሣ። ወሬው ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። አብረዋት ከሚሠሩት ሁለቱ ተሰናበቱ። ሌሊት ተረኛ ይሆኑ የነበሩት አራት ነርሶች ሁለት ቀሩ። የበሽተኛው ቁጥር ግን አልተቀነሰም።

አንድ ቀን ጧት ከአዳር ስትመለስ እኔም ከኪዳን ገብቼ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗ ቀልቷል። እኔም የሰባኪ ነገር፣ ምን እንደሆነች እንኳ ሳልጠይቅ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣

«እሱ እንደሚያውቅማ አውቃለሁ። እኔ የማላውቀው ከሰኔ 30 በኋላ የት እንደምገባ ነው። ሌላው እኮ ሲጨንቀው የሚደውልለት አጎት አለው። እኔ ሰው የለኝም» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ለሰንበት የማዘጋጀው ስብከት ይህችው ቃል ነበረች። መፃጕዕ ለጌታ የመለሰው መልስ እኮ ይኸው ነው፤ «ሰው የለኝም»።

2. ቀድሞ የገባ የሚድንባት መጠመቂያ

ምእመናን ሆይ፣ የቤተ ሳይዳን ሁኔታ ልብ እንበለው። አምስት መመላለሻ ነበራት። በዚያ ዕውሮች፣ አንካሶች፣ ሰውነታቸው የሰለለ ብዙ ድውያን ተኝተው የውኃውን መናወጥ ይጠባበቃሉ። ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል። የሚሸከመው ያለው ይቀድማል፤ የሚሸከመው የሌለው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይቀድመዋል። ይህ ሰው እየሞከረ ሲቀደም፣ እየሞከረ ሲቀደም ኖሯል።

የዘመናችን ሥራ ፈላጊ ይህን ኑሮ ያውቀዋል። ማስታወቂያ ሲለጠፍ ውኃው ተናወጠ ማለት ነው። ሁሉም ይሮጣል፤ ጥቂቱ ይገባል፤ የቀረው ወደ ምንጣፉ ይመለሳል። የገባውም ቢሆን ተረጋግቶ አይቀመጥም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ በዚያ ገንዘብ በአገራችን በኤች አይ ቪ አገልግሎት ላይ በኮንትራት ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ከጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ወጥቷል። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን የተዉት ሰንፈው አይደለም። በሽተኛ አስቀይመውም አይደለም። ምንጩ ከሩቅ አገር ስለ ተዘጋ ነው።

ይህን የምናገረው ስለ አንድ ነገር ነው። ሥራ ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ «ምን አጥፍቼ ይሆን? እግዚአብሔር ተቀይሞኝ ይሆን?» እያለ ራሱን ይከስሳል። ጎረቤትም ያግዘዋል፤ «ይህች ልጅ ምን ሆና ነው ከሥራ የወጣችው?» ይባላል። እንዲህ ያለው ንግግር ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

3. የላከው እግዚአብሔር ነው፤ ወንዙ ግን ደረቀ

ነቢዩ ኤልያስን እንመልከት (1ኛ ነገ. 17)። በረሃብ ዘመን እግዚአብሔር ራሱ ወደ ኮራት ወንዝ እንዲሄድ አዘዘው። ቁራዎች ጧትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለታል፤ ከወንዙም ይጠጣል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ዝናብ ስላልዘነበ ወንዙ ደረቀ።

እስቲ ቆም ብለን እንጠይቅ። ኤልያስ የሄደው በራሱ ፈቃድ ነው? አይደለም፤ የላከው እግዚአብሔር ነው። በደል ተገኝቶበት ነው ወንዙ የደረቀው? አይደለም። ታዲያ እግዚአብሔር በላከው ቦታ ወንዝ ይደርቃል እንዴ? አዎን፣ ይደርቃል። ወንዝ ወንዝ ነውና። ያልደረቀው ወንዙን የሰጠው ነው።

ኤልያስ በደረቀው ወንዝ ዳር ተቀምጦ አልቀረም። ሌላ ቃል መጣለት፤ ወደ ሰራፕታ ሂድ ተባለ። በዚያ የጠበቀው ሀብታም ነው? ወይስ ባለ ሥልጣን? አይደለም። ጭብጥ ዱቄትና ጥቂት ዘይት የቀራት፣ ያንንም ከልጇ ጋር ቀምሳ ለመሞት እንጨት የምትለቅም መበለት ናት። «ሰው» ብለን የማንቆጥራትን ሰው እግዚአብሔር ለነቢዩ ሰው አደረጋት። በዚያ ቤት ዱቄቱ ከማድጋው፣ ዘይቱም ከማሰሮው አልጎደለም።

እኅቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ያቺ የኮንትራት ወረቀት ወንዝ ናት። እግዚአብሔር ሰጥቶሽ ጠጥተሽባታል፤ ተመስገን። ብትደርቅ ግን እሱ ትቶኛል ማለት አይደለም።

4. ለእኚያ አባት ማን ሰው ሆነላቸው?

እኅቴ ያን ዕለት ጧት እንባዋን ጠርጋ ሌላ ነገር ነገረችኝ። በዋርዷ ከገጠር የመጡ፣ አስታማሚ የሌላቸው አንድ አረጋዊ ነበሩ። ሆስፒታል ለገባ ሰው አስታማሚ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። መድኃኒት ሮጦ የሚገዛ የለም፣ ውኃ የሚያቀብል የለም፣ የሚያገላብጥ የለም። እኚህ አባት ሌሊቱን «ልጄ፣ ልጄ» እያሉ ሲጠሯት አደሩ። ሁለት ነርስ ብቻ ስለሆኑ ቶሎ ልትደርስላቸው አልቻለችም። ወደ ንጋት ሲሆን ፋታ አግኝታ አገላበጠቻቸው፣ ከንፈራቸውን አረጠበችላቸው። እጇን ይዘው «ሰው አያሳጣሽ» ብለው መረቋት።

«ያስለቀሰኝ ሥራው ብቻ አይደለም፤ እኔ ብወጣ እሳቸው ማንን ሊጠሩ ነው ብዬ ነው» አለችኝ።

ምእመናን፣ አያችሁ? «ሰው የለኝም» ያለችው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ለሌለው ሰው ሆና ነው ያደረችው። አንዲት ነርስ በተቀነሰች ቁጥር በአንድ አልጋ ላይ ያለ መፃጕዕ ሰው ያጣል። ይህን የሚወስኑ አባቶችና ወንድሞች በመካከላችን ካሉ፣ ቁጥር ሲሰርዙ አልጋውን ያስቡት።

ጌታችንስ መፃጕዕን እንዴት አዳነው? ውኃ ውስጥ የሚያወርደው ሰው አልላከለትም። ውኃውም እንዲናወጥ አላደረገም። ራሱ መጣ፤ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው፤ አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ አዘዘው። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን «ሰው የለኝም» ላለው፣ ስለ እርሱ ሰው የሆነው አምላክ ደረሰለት። መፃጕዕ መዳኛው በዚያች ውኃ ብቻ ይመስለው ነበር፤ መድኃኒቱ ግን አጠገቡ ቆሞ ያነጋግረው ነበር።

5. እንግዲህ ምን እናድርግ?

በሥራ ላይ ያላችሁ፣ ነገን የምትፈሩ ወጣት ነርሶች ሆይ፣

ፍርሃት ከሚወልዳቸው ኃጢአቶች ተጠበቁ። «ማን ይቀነስ ይሆን» በሚባልበት ሰዓት የባልንጀራን ስሕተት ለአለቃ መልቀም፣ ስም ማጥፋት ይመጣል። በባልንጀራችሁ ጀርባ ወጥታችሁ የምትተርፉበት ወንበር ዕረፍት አይሰጣችሁም። ድካማችሁንም በበሽተኛው ላይ አታውርዱት፤ እሱ በጀት አልቀነሰም። ሌሊት እያደራችሁ ጾሙ ከከበዳችሁ በራሳችሁ አትጣሉት፣ ከአቅም በላይም አትያዙት፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ እንደ አቅማችሁ ይመሩዋችኋል።

ሥራ ያጣችሁ ደግሞ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገብር ኄርን እናከብራለን። ያ ክፉ አገልጋይ ስለ ፈራ መክሊቱን ቀበረ (ማቴ. 25፥25)። ደብዳቤው ውላችሁን ያቋርጣል እንጂ በእጃችሁ ያለውን ሙያ አይወስድም። የሙያ ፈቃዳችሁ ጊዜው እንዳያልፍ ጠብቁ፤ ለእድሳቱ የሚጠየቀውን ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ተከታተሉ፤ መጽሐፋችሁን ግለጡ። ጊዜያዊ ሥራ ብታገኙ አትናቁት። በጭንቀት ብዛት ግን ለሕገ ወጥ ደላላ እጃችሁን አትስጡ፤ ሐሰተኛ የልምድ ወረቀትም አታሠሩ። ከመኝታ መነሣት እስኪያቅት፣ መኖር እስኪያስጠላ ድረስ ከከበዳችሁ ለብቻችሁ አትያዙት። ለካህንም ለሐኪምም ተናገሩ፤ ሌላውን ስታክሙ የነበራችሁ መታከም ነውር አይምሰላችሁ።

ለሁላችንም ለምእመናን፣ ያን ዕለት እኔ እንዳደረግሁት «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን አንለፍ። ቅዱስ ያዕቆብ የተራበውን በባዶ እጅ በደኅና ሂድ ማለት ምን ይጠቅማል ብሎ ይወቅሰናል (ያዕ. 2፥15-16)። የምንጾመው ቁርስና ምሳ ዋጋ አለው፤ ያ ዋጋ የት ገባ? በጽዋ ማኅበራችን ውስጥ የቤት ኪራይ የጨነቃት ልጅ ካለች የአንድ ወሩን እንሸፍንላት። ማስታወቂያ ያየ ይንገራት። አረጋዊ የሚያስታምም ቤተሰብ ካለን ለጥቂት ቀን ጠርተን ተገቢውን ክፍያ እንክፈላት። «ነርስነት ጽድቅ ነው፣ ገንዘብ ምን ያደርግልሻል?» አንበል። ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ያለ ዋጋ ማከማቸው የራሳቸው ስጦታ ነው፤ እኛ የሰውን ደመወዝ እንድናስቀር ፈቃድ አይደለም። ጌታችን ለሠራተኛ ዋጋው እንደሚገባው አስተምሯል (ሉቃ. 10፥7)።

እኅቴን በሚመለከት፣ ውሏ ይታደስ አይታደስ እስካሁን አልታወቀም። ሰኔ 30 ገና አልደረሰም። ዛሬ ማታም ተረኛ ናት። እማዬ ሽሮዋን በሳህን ቋጥራላታለች፤ እኔም እስከ ታክሲው እሸኛታለሁ። ያን ጧት ካልኳት ሌላ አዲስ ቃል አላገኘሁም። አሁን ግን ከመናገሬ በፊት አዳሯ እንዴት እንደነበር እጠይቃታለሁ፤ ጌታም አስቀድሞ መፃጕዕን ጠይቆታልና።

«ሰው የለኝም» ለሚሉ ሁሉ ሰው የሆነው አምላክ ይድረስላቸው። እኛንም ለሰው ሰው ያድርገን። በየአልጋው ላሉ ሕሙማን ምሕረቱን፣ ለሚያስታምሟቸው ብርታቱን፣ ሥራ ላጡት ሰራፕታቸውን ያሳያቸው። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን። ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።