ወገን ተቸግሮ ሳለ መዝናናት ይገባልን?

የሥራ ባልደረባዎ «በመጪው በጋ ጀልባ ተከራይተን አንድ ሳምንት በውሃ ላይ ልንንሸራሸር ነው» ቢልዎ ምን ይሰማዎታል? ብዙዎቻችን ፈገግ ብለን እናልፋለን። በልባችን ግን «እናቴ መድኃኒት መግዣ አጥታ እኔ በጀልባ?» እንላለን። ጥያቄው የምቀኝነት አይደለም፤ የኅሊና ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንመልከት። በሰሜን ዌልስ፣ ላንጎለን በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ፣ ፖንትከሰልቴ የሚሉት ድልድይ አለ። ይህ ድልድይ የተሸከመው መኪና ሳይሆን ውሃ ነው። ከዲ ወንዝ በላይ 38 ሜትር ከፍ ብሎ በተዘረጋ፣ 307 ሜትር በሚረዝም የብረት ገንዳ ውስጥ ጀልባ ያልፍበታል። በአንድ ወገን የእግረኛ መንገድና አጥር አለው፤ በሌላው ወገን ግን ከገንዳው ጠርዝ በቀር ከለላ ስለሌለ ተሳፋሪው በአየር ላይ የሚሄድ ይመስለዋል። በቦዩ ላይ በሰዓት ከ4 ማይል በላይ መሄድ ክልክል ነው። ስለዚህ መንገደኛው ጠዋት ድልድዩን ተሻግሮ፣ ጀልባውን ላንጎለን ላይ አስሮ፣ ከሰዓት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1201 የተመሠረተውን የቫሌ ክሩሲስ ገዳም ፍርስራሽ በእግሩ ጎብኝቶ ቢመለስ ቀኑ ሞላ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቦዩ የተቆፈረው ለሽርሽር አልነበረም። የድንጋይ ከሰል፣ የኖራ ድንጋይና ብረት ሊመላለስበት ነው። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1805 ሲከፈት ጀልባ የሚጎትተው ፈረስ ነበር፤ ፈረሱንም የሚነዳ ሰው ነበር። ከመሐንዲሶቹ አንዱ ቶማስ ቴልፎርድ ራሱ የእረኛ ልጅ ሲሆን፣ በወጣትነቱ ከስኮትላንድ ተነሥቶ ለንደን በድንጋይ ጠራቢነት እንጀራውን የፈለገ ሰው ነው።

ያ ፈረስ ነጂ ያንን ውብ ሸለቆ ስንት ጊዜ አቋርጦ ይሆን? ቀና ብሎ ለማየትስ ፋታ ነበረውን? እኛስ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ገንዘብ መላኪያ ስንመላለስ ሃያ ዓመት የኖርንበትን አገር አይተነዋልን?

«ለሽርሽር የሚወጣው ገንዘብ ለአገር ቤት ቢላክ የአንድ ቤተሰብ ቀለብ ይሆናል» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፤ ክርክር አያሻውም። ነገር ግን ገንዘብና ቀን አንድ አይደሉም። ወር ጠብቀን የምንልከው ገንዘብ የወገን ድርሻ ነው፤ ቃል የገባነውን አጉድለን ጀልባ ብንከራይ በእርግጥ ነውር ነው። ቀናችንን ሁሉ ለሥራ ስንሰጥ ግን የምንቆርሰው ከራሳችን ብቻ አይደለም፤ አባታቸውንና እናታቸውን ተኝተው ወይም ደክመው ብቻ ከሚያዩት ልጆቻችን ጭምር ነው። ዘመድም ቢሆን የሚፈልገው ላኪው ጤነኛ ሆኖ እንዲኖር እንጂ እንደ ጋማ ከብት ተጭኖ እንዲወድቅ አይደለም።

ደግሞም ያ ድልድይ ለእግረኛ ክፍያ የለውም። በሚኖሩበት ከተማም ወንዝ፣ ቦይ ወይም የባሕር ዳርቻ አይጠፋም። የጀልባው ኪራይ ቢቀር ይቅር፤ ገንዘቡም ለእናትዎ ይሂድ። በወር አንድ ቀን ግን ምሳ ቋጥረው፣ ልጆችዎን ይዘው በዳርቻው በዝግታ ይሂዱ። ያ ቀን ከማንም የተሰረቀ አይደለም።