ካለው ሰው መጀመር

የመስኖ ፕሮጀክት በይፋት ወዳለው ጀውሃ ቆላ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰላው ሲሚንቶውና በጀቱ ነው። እኔ ግን ቀድሞ ሊታይ የሚገባው በቦታው ያለው ሰው ነው እላለሁ፤ ምክንያቴም ከሃይማኖት የሚነሳ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ ያየው አማቱ ዮቶር፣ ከሕዝቡ መካከል የታመኑ ሰዎችን መርጦ በሺህ፣ በመቶ፣ በአምሳና በአሥር ላይ እንዲሾም መከረው። ዮቶር ራሱ የምድያም ካህን፣ ከውጭ የመጣ ሰው ነበር። ሌላ ባለሙያ አላመጣም፤ ሙሴ አጠገቡ ያሉትን እንዲያይ አደረገው። የይፋት ሙስሊምም ነቢዩ ተከታዮቻቸውን እንዲያማክሩ በቁርኣን መታዘዛቸውን ያውቃል።

በአማራ ክልል በብዙ ባህላዊ መስኖዎች ተራ የሚያስይዘው፣ ቦይ የሚያስጠርገው፣ ጠብ የሚያበርደው የውሃ አባት ነው። ጎርፍ የወንዙን ጠለፋ በየት በኩል እንደሚሰብር፣ የማን ማሳ ቀድሞ እንደሚጠማ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ለቁፋሮ ብቻ መጥራት የተሰጠውን ጸጋ መቅበር ነው፤ እኔ ኃጢአት እለዋለሁ። ነባሩ ሰው ለዘመዱ ያደላል፣ ሴቶችንና መሬት የሌላቸውን ወጣቶች ይረሳል የሚል ተቃውሞ አለ። እውነትነት አለው፤ አቅልዬ አላየውም። ዮቶርም ቢሆን ያገኘኸውን ሁሉ ሹም አላለም፤ እግዚአብሔርን የሚፈሩና ጉቦ የሚጠሉ እንዲሆኑ አጥብቆ ጠየቀ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 እንዲህ ያሉ ሰዎችን ለመምረጥና ለመቆጣጠር ሕጋዊ መንገድ ከፍቷል። የግድቡ ስሌት የመሐንዲሱ ይሁን፤ ቦዩ በየት እንደሚያልፍ ሲወሰን ግን የውሃ አባቱም፣ ሽንኩርት የምታለማዋ ሴትም ድምፅ ይኑራቸው።