ያላፈራው አገዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶችና ወንድሞች ሆይ፥ ዛሬ ስለ እንጆሪ እንነጋገር። እንጆሪ ስንል በገበያ በዚህ ስም የሚሸጠውንና መሬት ለመሬት የሚሳበውን ማለታችን አይደለም። እናቶቻችን በአገር ቤት ልጆች ሳሉ ከእሾህ መካከል እየለቀሙ የበሉትን፥ ዘመዱም እዚህ ሲያትል ራስቤሪ የሚባለውን ነው።

አንዲት የደብራችን አረጋዊት እናት በጓሯቸው ሁለት መደብ እንጆሪ አላቸው። በየዓመቱ በሐምሌ ፍሬውን በትንንሽ ኩባያ እያደረጉ ከቅዳሴ በኋላ ለሕፃናት ያድሉ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ጉልበታቸው ስለ ደከመ እኛ ወጣቶች ልንገርዝላቸው ሄድን። እንዴት እንደሚገረዝ አልጠየቅንም። ወፍራሙንና ቅርንጫፍ ያበጀውን፥ የአምናው የፍሬ ጭራ ደርቆ የቀረበትን አገዳ "ይህስ ሠርቷል" ብለን አቆየነው። ለስላሳውን፥ የፍሬ ምልክት የሌለበትን ግን ሁሉንም ከሥሩ ቆረጥነው።

ሐምሌ ሲደርስ ያቆየነው ሁሉ ደረቅ እንጨት ሆኖ ተገኘ። ሕፃናቱ በዚያ ዓመት ምንም አላገኙም። እናታችን አልተቆጡም፤ "ልጆቼ፥ ያፈራውን አክብራችሁ ሊያፈራ የተዘጋጀውን ቆረጣችሁት" ብለው ቡና አፈሉልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንጆሪ ሥር ብዙ ዓመት ይኖራል፤ የአገዳው ዕድሜ ግን ሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል እያወጣ ይረዝማል እንጂ አያፈራም። በሁለተኛው ያብባል፥ ያፈራል፥ ከዚያም ይደርቃል። እንግዲህ ከመሬት ተስተካክሎ የሚቆረጠው ያፈራው ነው። ከአዲሶቹ ደካሞቹ ይወገዱና ብርቱዎቹ አራት ወይም አምስት በየእግሩ ቀርተው በሽቦ ይታሰራሉ። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ አረሙ በዶማ ሳይሆን በእጅ ይነቀላል፥ በላዩም ጉዝጓዝ ይደረጋል። (በመጀመሪያው ዓመት በመጸው የሚያፈራ ሌላ ዓይነትም አለ፤ አገራረዙ የተለየ ነውና ከመቁረጥ በፊት መለየት ይገባል።)

ጥፋታችን በጓሮ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ባልጻፍን ነበር። በዚያው ወር የአባላትን መዝገብ አጥርተን ነበር። ከገባ ስድስት ወር የሆነው አንድ ወንድማችን በየእሑዱ ይመጣል፥ ከኋላ ይቀመጣል፥ አይዘምርም፥ አይናገርም፥ ጉባኤው ሲያበቃ ይሄዳል። "አገልግሎት የለውም" ብለን ስሙን ሰረዝን። መዝገቡን ያጠራነውም ከዓመት በፊት የሠራነውን እየቆጠርን ራሳችንን ብርቱ ያደረግን እኛው ነን።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በነገረን ምሳሌ፥ ለሦስት ዓመት ፍሬ ያልተገኘባት በለስ እንኳ ጠበቃ አላጣችም። አትክልተኛው ዙሪያዋን ኮትኩቶ ፍግ እስኪያደርግላት አንድ ዓመት እንድትቆይ ለምኖላታል። ለወንድማችን ግን ማን ለመነለት? ማንስ ኮተኮተለት? ከእኛ አንዱ እንኳ ስሙን ጠርቶ "ደኅና ነህ ወይ?" ያለው የለም።

በእናታችን ጓሮ ከሥሩ የበቀሉት አዲሶቹ አገዳዎች በ2017 ዓ.ም. አፈሩ፥ ሕፃናቱም ድርሻቸውን አገኙ። የወንድማችንን ስም መልሰን በመዝገቡ ጽፈናል፤ እርሱ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ቤቱን የምታውቁ ካላችሁ ከቅዳሴ በኋላ ንገሩን፥ አብረን እንሂድ።