የሄረንሃውዘን ቅጠልና ሁለቱ ኤስኤስዲዎች

ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1716 ለእንግሊዛዊው ሳሙኤል ክላርክ በጻፈው ደብዳቤ አንድ ገጠመኝ ያነሳል። ሃኖቨር ውስጥ፣ ሄረንሃውዘን በተባለው የቤተ መንግሥት አትክልት፣ ልዕልት ሶፊ ባለችበት፣ አንድ ጨዋ ሰው ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ቅጠሎች አላጣም ይላል። ልዕልቲቱም እስቲ አምጣ ትለዋለች። ሰውዬው አትክልቱን ሲያስስ ቆይቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ለላይብኒትዝ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ሁለት ነገሮች በምንም ነገር ካልተለያዩ መጀመሪያውንም ሁለት አልነበሩም ለሚለው ትምህርቱ ምስክር ሆነለት።

ያ ሰው ዛሬ ቢነሣ ከአትክልቱ ይልቅ ጎኑ የተከፈተ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ይሻለው ነበር።

ኤም ቱ የሚባለው ኤስኤስዲ፣ ማለትም የኮምፒውተር መረጃ ማከማቻ፣ ብዙውን ጊዜ 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከማስቲካ ብዙም የማይተልቅ ስስ ሰሌዳ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ማስገቢያ ዘንበል ተደርጎ ይገባል፤ ከዚያ በጣት ወደ ታች ተጭኖ በአንዲት ደቃቅ ብሎን ይታሰራል። ብሎኗ ከካቻቢቴው ጫፍ አምልጣ ሳጥኑ ውስጥ ከወደቀች ፍለጋው ከቅጠል ፍለጋ አያንስም። ሁለተኛው ከመጨመሩ በፊት የማዘርቦርዱን መመሪያ ማየት ያሻል፤ አንዳንዶቹ ላይ ሁለተኛው ማስገቢያ ሲያዝ ሳታ ከሚባሉት መሰኪያዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ሥራ ያቆማሉ። ባለቤቱ ከፈለገ ሁለቱን በሬይድ 1 ያጣምራቸዋል። ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ ስም የሰጡት ዘዴ ነው፦ አንዱ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ሌላውም ላይ ይጻፋል።

እንግዲህ ባለቤቱ የሠርጉን ፎቶ ቢያስቀምጥባቸው ፎቶው ያለው የቱ ጋ ነው? ኤስኤስዲ መረጃ የሚይዘው ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ኤሌክትሮን አፍኖ ነው። ክፍሎቹ በተጻፈባቸው ቁጥር ስለሚያረጁ፣ ተቆጣጣሪው ቺፕ ድካሙን ለማከፋፈል መረጃውን ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል። ስለዚህ ፎቶው የተኛበት ክፍልም ሆነ የታፈነው ኤሌክትሮን ብዛት በሁለቱ ላይ አንድ ይሆናል ተብሎ አይጠበቅም። እንደ ቅጠል ጅማቱ ከተቆጠረ ላይብኒትዝ አልተረታም። ሲከፈት ግን ያው ሙሽራ፣ ያው ሚዜ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ፐርስ እ.ኤ.አ. በ1906 ለዚህ መውጫ አበጅቶ ነበር፤ አንድ ገጽ ላይ ሃያ ጊዜ የሚታይ ቃል በአንድ በኩል ሃያ፣ በሌላ በኩል አንድ ነው። ፎቶውም እንደዚያው ሁለት ቦታ ተጽፏል እንጂ ሁለት ፎቶ የለም።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ኤስኤስዲ ቢቃጠል ሌላው ይደርሳል። የባለቤቱ እጅ ስቶ ፎቶውን ቢሰርዝ ግን ሁለቱም እኩል ይታዘዛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1998 የአኒሜሽን ስቱዲዮው ፒክሳር «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን ፊልም ሲሠራ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የፊልሙን ፋይሎች ይሰርዝ ጀመር፤ መጠባበቂያውም ሲፈተሽ የማያስተማምን ሆኖ ተገኘ። ፊልሙን ያተረፈው የቴክኒክ ኃላፊዋ ጋሊን ሰስማን ልጅ ወልዳ ከቤቷ ትሠራበት የነበረው ኮምፒውተር ነው። እዚያ የነበረው ኮፒ ከስቱዲዮው ጋር አንድ አልነበረም፤ ወደ ኋላ የቀረ ነበር። የተረፈውም ወደ ኋላ ስለቀረ፣ ትእዛዙም ስላልደረሰው ነው።

የኢትዮጵያ ብራናዎችም ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ መጻሕፍትን እያነሳ ኮፒያቸውን አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ድረስ አኑሯል፤ ምሁሩ ጌታቸው ኃይሌም ለዓመታት ካታሎጋቸውን ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የቅዱሳን ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለም አይለይበትም። ቃሉን ለሚመረምር ሊቅ ይኸው ይበቃዋል። ወንጌሉን የሚሳለም ምእመን ግን ለፊልሙ አይጎነበስም። ለእርሱ የፐርስ ስሌት አይሠራም፤ የሚሳለመው ቃሉንም ብራናውንም ነው።

ጠንቃቃ ባለቤት ሦስተኛ ኤስኤስዲ ይገዛና ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ያኖረዋል። እሱም ቢሆን ተቀብሮ እንደሚቆይ ወርቅ አይደለም። ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ኤሌክትሮኑ ቀስ እያለ ይሾልካል፤ ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪ ተቋም መስፈርት ለግል ኮምፒውተር የሚሆን ኤስኤስዲ የጽሕፈት ዕድሜውን ከጨረሰ በኋላ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ጠፍቶ መረጃውን እንዲይዝ የሚጠይቀው ለአንድ ዓመት ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ወጥቶ ይሰካል፤ ከሁለቱም ጋር ይነጻጸራል። ያን ጊዜ የሚዜው ፎቶ ብቅ ይላል። ሁለቱ ላይ የለም፣ የመሳቢያው ላይ አለ፤ ከዚህም ይጥፋ ወይ ይላል ፕሮግራሙ። ባለቤቱ ያኔ የሰረዘው እጁ ስቶ ነው ወይስ ከሚዜው ጋር ተጣልቶ? መዳፉን ማውሱ ላይ እንዳሳረፈ ቀኑን ለማስታወስ ይሞክራል።