ስለ መቀበልና ስለ ሹመት ወሰን

አንባቢ ሆይ፤ ቤተ ክርስቲያን ሰውን ሁሉ እቀበላለሁ እያለች ለአንዳንዱ ሹመትን ብትከለክል ቃሏ እውነት ነውን? ይህ ጥያቄ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚነገር አይደለም። የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ከገዛ ጾታቸው ጋር በጽኑ ቃል ኪዳን የሚኖሩ ሰዎች ለቅስና እንዲሾሙ ፈቀደች፤ የስዊድን ቤተ ክርስቲያንም በጥቅምት 2002 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ጋብቻ ልትፈጽም ወሰነች። ስለዚህ በመካኒሳ ሴሚናሪ ያላት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በጥር 2005 ዓ.ም. በጠቅላላ ጉባኤዋ ከሁለቱ ጋር የነበራትን ኅብረት አቋረጠች።

ነገር ግን ጉባኤው የወሰነው ስለ ሩቆቹ ነው። በእኛው መካከል ተቀምጦ የሚዘምረውን ወንድም ምን እናድርገው?

መቀበልና መሾም አንድ እንዳልሆኑ ከብዙ ሚስት ነገር እንማራለን። የአንግሊካን ጳጳሳት በላምቤዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ዓ.ም. ብዙ ሚስት ያለው ሰው አይጠመቅ ብለው ነበር፤ በ1988 ዓ.ም. የተሰበሰቡት ግን፥ ሌላ ላያገባ ቃል ከገባ፥ ከሚያምኑ ሚስቶቹና ልጆቹ ጋር ይጠመቅ አሉ፤ የተባረሩት ሴቶች እንዳይቸገሩ ነው። ጳውሎስ ግን ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 3 የጳጳሱን ጋብቻ በአንዲት ሚስት ይወስናል። እንግዲህ ሰውዬው ወንድም ነው፤ መሪ ግን አይሆንም፤ ይህንም ጥላቻ የሚለው የለም።

አንዱ ተነሥቶ፦ ያ ሰው ሚስቶቹን መርጦ አገባ፤ ይህ ግን ምኞቱን አልመረጠም ይል ይሆናል። ክርክሩ ብርቱ ነው፤ እኔም አልንቀውም። ስለዚህ ወሰኑ በድርጊት ላይ እንጂ በምኞት ላይ ሊቆም አይገባም። የእንግሊዝ ጳጳሳት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ለምእመኑ የታገሡትን ለካህኑ ከለከሉ፤ ይህ ሁለት ሚዛን ይመስለኛል። ድርጊቱ ኃጢአት ከሆነ በምእመኑም ኃጢአት ነው፤ ካልሆነ ካህኑ ስለ ምን ይከለከላል?

እኛ ግን በእንግሊዝ ለመፍረድ አንቸኩል። ራሱን በንጽሕና የሚጠብቅ ጎልማሳ ፈተናውን ለሽማግሌ ስለ ነገረ ብቻ ከመዘምራን ይወጣል፤ ቅምጥ ያለው ባለጠጋ ግን መባው ብዙ ነውና በሽማግሌዎች ወንበር ይቀመጣል። ይህ ወሰን አይደለም፤ ማድላት ነው። የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የሚነግረን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባም በዘዳግም 23 ሕግ ከጉባኤ የሚከለከል ሰው ነበር፤ ፊልጶስ ግን ውኃው ባለበት አጠመቀው እንጂ ስለ ሰውነቱ አልመረመረውም።

በድርጊቱ ለሚጸና ሰው ሹመት እንደማይሰጠው አስቀድሞ በግልጽ ይነገረው፤ በኋላ በሐሜት አይስማው። ቃሉን መስማት፥ በሕመሙ መጠየቅ፥ በሞቱ መቀበር አይከልከል። ሽማግሌውም የሰማውን ምሥጢር ለሚስቱ እንኳ አይንገር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ የሰፈር ወሬ ግን ምኞትን ከድርጊት አይለይም፤ በወሬውም ጎልማሳው ከእንጀራውና ከአባቱ ቤት ሊወጣ ይችላል።