ትዝታና ዝክር፤ ስለ ጥንቱ መንገድና ስለ ቤት የእጅ ሥራ

የሰው ልብ ካለፈው ዘመን ከሚያስቀራቸው ነገሮች ሁሉ፥ ከቤተ ሰብ ጋር የተሄደው መንገድ ቶሎ አይጠፋም። የተሄደበት ጉዳይ ሲረሳ እንኳ የስንቁ መዓዛ፥ የበቅሎው ኮርቻ፥ ሌሊት የተለበሰው ጋቢ አይረሳም። የሸመገለ ሰው ስለ ልጅነቱ ቢጠየቅ ከቤት ውስጥ ኑሮ ይልቅ የመንገዱን ነገር ያስቀድማል፤ ከመንገዱም ነገር ይልቅ በእናቱና በአያቱ እጅ የተሠራውን ዕቃ ያነሣል። እንግዲህ የሚመረመረው ጥያቄ ይህ ነው። ያለፈውን እንዲህ እያነሡ መናፈቅ ምስጋና ነውን፥ ወይስ ምስጋና መስሎ የሚታይ የልብ ምቾት ነው?

አስቀድሞ ነገሩን በሚገባ ማየት ያስፈልጋል። በመስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ለመድረስ፥ ወይም በታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም የሚነሣ ቤተ ሰብ፥ ጉዞውን የሚጀምረው በተነሣበት ቀን አልነበረም። ከብዙ ጊዜ በፊት በቤት ውስጥ ይጀመር ነበር። በክረምት መውጫ ልጃገረዶች ስንደዶና አክርማ ይለቅማሉ፤ አድርቀው፥ ከፊሉንም ቀለም ነክረው፥ በወስፌ እየወጉ ይሰፋሉ፤ የተሰፋውንም የቆዳ ሠራተኛው ቆዳ ያለብሰዋል፥ ማንገቻ ጠፍርም ያበጅለታል፤ አገልግል የሚባለውም ይህ ነው። ጥጡ በመዳመጫ ይዳመጣል፥ በደጋን ይነደፋል፥ በእንዝርት ይፈተላል። ልቃቂቱ ሲበዛ ወደ ሸማኔ ይሄዳል፤ እርሱም ድሩን አድርቶ ማጉን አግብቶ ይሠራዋል፤ አራት እጥፍ ጋቢ ሆኖም ይመለሳል። በመጨረሻም ቋንጣው ይሰቀላል፥ ድርቆሹ ይሰጣል፥ በሶው ይፈጫል፥ ዳቦ ቆሎው ይቆላል። ስለዚህ እግር የሚሄደው እጅ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ነበር።

የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ፥ በበቅሎ ብዙ ሳምንት ይፈጅ የነበረው መንገድ በጥቂት ቀን ያልቅ ጀመር። ነገር ግን ባቡሩ አገልግሉን አላስቀረውም። ወደ ቁልቢ የሚሄደው ምእመን እስከ ድሬዳዋ በባቡር ሲጓዝ አገልግሉ በጉልበቱ ላይ ነበረ፤ ክዳኑም ሲከፈት አጠገቡ የተቀመጠው እንግዳ ሳይጠራ አይቀርም ነበር። የመሄጃው ዓይነት ተለወጠ፤ የእጅ ሥራው ግን ቤተ ሰቡን ማጀቡን አልተወም።

ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። መንገደኛው ውሃውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይገዛል፤ በብዙ ቤት እንስራን ጀሪካን ተክቶታል፤ በከተማ እንዝርት የምታሾር ሴት ማግኘት ችግር ሆኗል። አገልግሉ ግን በሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ በአዲስ አበባ ብቻም አይደለም፥ በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ከአገር የራቀ ቤተ ሰብ ባለበት ሁሉ ይታያል። ዕቃው ከሥራው ተሽሮ ለትዝታ ተሾመ።

በዚህ ነገር ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን፥ ያለፈውን ማሰብ ከቶ ነቀፋ የለበትም ይላል። ማስረጃውም የዮርዳኖስ ድንጋይ ነው። ሕዝበ እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ኢያሱ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋይ አስወጥቶ በጌልገላ አቆመ፤ ይኸውም ወደ ፊት ልጆች የድንጋዩን ነገር ሲጠይቁ አባቶች የመንገዱን ነገር እንዲነግሩአቸው ነው። የአገልግሉም መሰቀል እንዲሁ ነው፤ ልጅ ይጠይቃል፥ አባት ይመልሳል ይላል። ሁለተኛው ወገን ግን የምድረ በዳውን ማጉረምረም ያመጣል። ይኸው ሕዝብ በምድረ በዳ ሳለ በግብጽ የበላውን ዓሣና በጢኽ፥ ቀዩንና ነጩን ሽንኩርት እያሰበ አለቀሰ፤ ጡብ ያሠራውን የአስገባሪውን ጅራፍ ግን አላነሣም። ስለዚህ ናፍቆት ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ የጣመውን ያስቀራል፥ የመረረውን ይጥላል ይላል።

ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል። የዮርዳኖስ ድንጋይ ከግብጽ ሽንኩርት የሚለይበት ምክንያት ግን መታወቅ አለበት። ድንጋዩ ያሻገረውን ያስባል፤ ሽንኩርቱ የበላውን ሆድ ብቻ ያስባል። ስለዚህ ማናቸውም ትዝታ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ በነገሩ ውስጥ የደከመው ሰው ይታሰባልን?

በዚህ ሚዛን ቢመዘን ብዙው የጥንት መንገድ ወሬ ይጎድላል። መንገዱን እንደ ማር አጣፍጦ የሚናገረው በበቅሎ ላይ ተቀምጦ የሄደው ልጅ ነው፤ ልጓም ይዛ በእግሯ ዳገት የወጣችው እናት ብትናገር ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። በማታ መብራት ሲፈተል ማየት ለተመልካች ደስ ያሰኛል፤ ቀን ስትፈጭና ስትጋግር ውላ ሌሊት ለምትፈትለው ግን እንቅልፍ ማጣት ነው። ከዚህም የከፋ አለ። ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ዐዋጅ በ1934 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ፥ በብዙ ትልልቅ ቤት ስንቁን የፈጨችው፥ ውሃውን የቀዳችው፥ ሸክሙንም ተሸክማ ከበቅሎው ኋላ የሄደችው ባሪያ ነበረች። የዚያ ቤት ልጅ ስለ ስንቁ መዓዛ ሲናገር የፈጨችውን ሴት ስም ባያነሣ፥ ትዝታው የግብጽ ሽንኩርት ነው።

የእጅ ባለ ሙያውም ነገር እንዲሁ ነው። ሕዝቡ በሸክላ ድስት በልቶ፥ በማረሻ አርሶ፥ በሸማ ተሸልሞ፥ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን ቡዳ፥ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያለ ያንቋሽሽ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው የነውሩን ስፋት ያስረዳል፤ ስድቡ የጥቂት ባለጌዎች ቢሆን ዐዋጅ ባላስፈለገው ነበር። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው ይህ ነው። በጎንደር አካባቢ በሸክላና በብረት ሥራ ይታወቁ የነበሩት ቤተ እስራኤልም በዚሁ የቡዳ ስም ብዙ ዘመን ተሰቃይተዋል። በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ከፊተኞቹም በሱዳን በኩል በእግር የሄዱት በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻቸውን በመንገድና በመጠለያ ቀብረዋል። ይህም የቤተ ሰብ ጉዞ ትዝታ ነው። እነርሱ ከሄዱ በኋላ ጎንደርን ለማየት የሚመጣ መንገደኛ በወለቃ መንደር ትንንሽ የሸክላ ቅርጽ ለመታሰቢያ ይገዛ ነበር፤ ዕቃው ሲወደድ ሠሪው ከአገር ርቆ ነበር።

ካህናትና ሊቃውንትም በዚህ ነገር ራሳቸውን ሊመረምሩ ይገባል። ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ ከደብር ወደ ደብር የተጓዘ የቅኔ ተማሪ በሸመገለ ጊዜ ያን ዘመን ይናፍቃል። ደበሎው ግን ቆዳ ነው። ድጓውና ስንክሳሩ የተጻፉበት ብራናም ተወጥሮ የተፋቀ ቆዳ ነው። አንዱ ፋቂ ደብተራ ሲሆን ሥራው ጥበብ ተባለ፤ ሌላው ፋቂ ባላገር ሲሆን ያው ሥራ ስድብ ሆነ። እጁ አንድ ሲሆን ክብሩ ለምን ሁለት እንደ ሆነ መልስ የሚሰጥ አይገኝም። መጽሐፍስ በመገናኛው ድንኳን ሥራ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፥ በእጃቸው የፈተሉትንም ሴቶች ጥበበኞች ብሎ አመስግኗል።

ቋንቋው ራሱ ለዚህ ጥያቄ መፍቻ ይሰጣል። ትዝታ ትዝ አለ ከሚለው የወጣ ነው፤ ትዝ አለኝ የሚል ሰው አድራጊ አይደለም፥ ነገሩ በራሱ መጥቶበት ነው። ዘከረ የሚለው የግእዝ ግስ ግን አድራጊ አለው፤ ዝክርና ተዝካርም የወጡት ከዚህ ነው። ለሙት ተዝካር የሚያወጣ ሰው ሙቱን አሰብሁት ብሎ አይቀመጥም፤ ይጋግራል፥ ይጠምቃል፥ ድኃ ያበላል። እንግዲህ ትዝታ ለሰው የሚመጣለት ነው፤ ዝክር ግን ሰው የሚያደርገው ነው። ትዝታ ኃጢአት አይደለም፥ ጽድቅም አይደለም፤ ሰም ነውና ወርቁ በሰውየው ሥራ ይታያል።

ሥራውም ሩቅ አይደለም። አንድ ሰው በእናቱ ጋቢ ትዝታ ዓይኑ እንባ ሲያቀር ይታያል፤ በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ሸማኔውን ከተገቢው ዋጋ በታች እስኪያወርደው ድረስ ሲከራከረው ይውላል። መሶብ የምትሸጥ ሴት ወራት የፈጀባትን ስፌት ዋጋ ስትነግረው፥ ለሣር ይህን ያህል፥ ይላታል። እንዲህ ያለው ሰው የእናቱን ድካም አላወቀውም፤ አውቆት ቢሆን በሌላይቱ ጣት ላይ ባየው ነበር። የእናቱም ሥራ ዋጋ ያልተከፈለበት ስለ ሆነ፥ ዕዳው የሚከፈለው ዛሬ በሕይወት ላለው እጅ ነው።

ስለዚህ አገልግሉን በግድግዳ የሰቀለ ሰው ማን እንደ ሰፋው፥ ማንስ ቆዳ እንዳለበሰው ለልጁ ይንገር፤ በሕይወት ካለች እናቱን ወይም አክስቱን ጠይቆ አሰፋፉን ልጁ እንዲማር ያድርግ፤ በገበያም ለባለ ሙያው ተገቢውን ዋጋ ያለ ማቃለል ይክፈል፤ በቤቱም ውስጥ የስድብ ስም አይሰማ። ይህን ያደረገ ሰው ናፍቆቱ ዝክር ሆኖለታል። ያላደረገ ግን የሌላውን ድካም ሁለተኛ ጊዜ መብላቱ ነው፤ መጀመሪያ በመንገድ በላው፥ ኋላም በወሬ በላው።