ሳያብብ ንቀለው

ልጄ፣ ከሶዶ ወደ ሁምቦ ስትወርድ የመንገዱን ዳር ሳታይ አትለፍ። ቅጠሉ እንደ ካሮት የተሰነጣጠቀ፣ አበባው ደቃቅና ነጭ የሆነ አረም ታገኛለህ። ቅንጬ አረም ነው፤ ባለሙያዎቹ ፓርቲኒየም ይሉታል። አገሩ መካከለኛው አሜሪካ ነው። ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደገባ ይታመናል፤ በድሬዳዋና በደሴ ዙሪያ መታየት ከጀመረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ቀድሞ የሚይዘው መንገድ ዳርን ነው፤ ምክንያቱም የሚጓዘው በእኛው ነው። ከአንዲቱ ትንሽ አበባ አምስት ጥቃቅን ጥቁር ዘሮች ይወጣሉ፤ የተመቸው አንድ ተክል ግን ከ10 ሺህ በላይ ዘር ያራግፋል። ዘሩ በመኪና ጎማ ጭቃ፣ በአሸዋና በጠጠር ጭነት፣ በከብት ሰኮና ይሄዳል። ሶዶ ደግሞ የአርባ ምንጩም፣ የሆሳዕናውም፣ የዳውሮውም መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። እዚህ የረገፈ ዘር የት እንደሚደርስ አስበው።

በአገሩ የሚበሉት ነፍሳት ነበሩት፤ ወደ እኛ ሲገባ ግን እነሱ አብረውት አልመጡም። ከብቱም ጥሩውን ሣር እየመረጠ ሲግጥ እሱን ይተወዋል። በዚያ ላይ ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው ነገር የጎረቤቱን ቡቃያ ያቀጭጫል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በማሽላ ላይ የተደረገ ጥናት ካልታረመ ምርቱን ከ40 እስከ 97 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መሬታችን እንደምታውቀው ጠባብ ነው። ሄክታር ለሌለው ቤተሰብ እንዲህ ያለ አረም የጓዳ ጉዳይ ነው። ላም ተቸግራ ብትበላው ደግሞ ወተቷ ይመራል፤ በቅቤያችን ለምንታወቅ ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ሰንጋ የምታደልብ ከሆነ የገዛኸውን ሣር ሳትፈታ ወደ ግቢ አታስገባ። እስሩን ፍታና ነጭ አበባ መኖሩን እይ። የእንሰት አጠውልግ በሽታን ያየ ሰው ይህን ጥንቃቄ አይንቅም፤ ያ በሽታ ከጓሮ ጓሮ የሚዛመተው በአብዛኛው ከታመመው ላይ በተነሳ ቢላዋ ነው። መጀመሪያ የታወቀው በእኛው አገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ሙዝ ላይ ተገኘ። መጤ ማለት ሁልጊዜ ከውጭ ወደ እኛ የሚገባ ብቻ አይደለም።

በአባያ ሐይቅ ላይ ስለሚንሳፈፈው እምቦጭም ሰምተሃል። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረው አበባው ስላማረ ነው። አፋርን የወረረውን ፕሮሶፒስ የተባለ ዛፍም መሬት ይጠብቃል ብለን የተከልነው እኛው ነን። እንግዳ ተክል ሲያምርህ ወይም ለጥላ ይሆናል ሲሉህ፣ ችግኙን ከመቀበልህ በፊት የቀበሌህን የልማት ሠራተኛ ጠይቅ። የሁምቦ ተራሮች ዳግም ደን የለበሱት በአብዛኛው በአገር በቀሉ ዛፍ ጉቶ ነው፤ ከሥሩ የሚያቆጠቁጠውን መርጦ በመጠበቅ። መሬቱ የራሱን አላጣም ነበር።

ቅንጬውን በበልጉም በክረምቱም ዝናብ፣ አፈሩ እንደራሰ፣ ገና መሬት ላይ ተነጥፎ ሳለ ከነሥሩ ንቀለው። ከበቀለ ወር አካባቢ ስለሚያብብ ዛሬ ነገ አትበል። እጅህን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍን፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትንም ያስጨንቃል። ሕፃናትን አታሰማራበት። አብቦ ከደረሰብህ ለእንሰቱ በምታደርገው ፍግ ውስጥ አትጨምረው፤ ለብቻው አድርቀህ አቃጥለው።

የአንተ ማሳ ጸድቶ በጎረቤትህ ማሳ ቅንጬው ካበበ ድካምህ ዓመት አይዘልቅም። ስለዚህ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ተነሥተህ ተናገር፤ ከመንገዱ ዳር ጀምራችሁ በደቦ ውጡ።